አገልግላችን በር ላይ አይቅር

በአዲስ አበባና በዙሪያዋ መናፈሻ፣ ሙዚየምና መዝናኛ ለምታስተዳድሩ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ምግብ ይዞ መግባት መከልከሉን ይመለከታል

የተከበራችሁ አስተዳዳሪዎች፤

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ በአንድ የዐቢይ ጾም እሑድ፣ ስድስት ሆነን ለሽርሽር ወጣን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ አማቴና ሦስት ልጆቻችን። ትልቋ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ወንዱ ስምንት፤ የመጨረሻዋ ገና አራት አልሞላትም። ቤታችን ኮተቤ ስለ ሆነ ወደ መሀል ከተማ መውጣት ለእኛ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። ልጆቹ የሚለብሱትን ልብስ ከዋዜማው አልጋቸው ግርጌ አስቀምጠው "ነጋ ወይ?" ሲሉ አደሩ። አማቴ ደግሞ ሌሊት ተነሥተው ሱፍ አፍልተው፣ ፈጭተው፣ አጥልለው ፍትፍት ሠሩ። የአዋቂውን በቃሪያ፣ የልጆቹን ያለ ቃሪያ። ከእናታቸው የወረሱትን አገልግል ከተሰቀለበት አውርደው ከተቱበትና ክዳኑን በጠፍሩ ጥፍር አድርገው አሰሩ። ዳቦና ሙዝ በፌስታል፣ ሻይ በፔርሙዝ ያዝን።

ከቅዳሴ መልስ ሁለት ታክሲ ቀያይረን ካሰብንበት በር ደረስን። የቦታውን ስም አልጠራም፤ አንዱን ለይቼ ብጠራ ሌሎቻችሁ "እኛን አይመለከትም" ብላችሁ ደብዳቤውን ታጥፉታላችሁ። ትኬት ቆርጠን፣ ቦርሳችን ተፈትሾ ልናልፍ ስንል ጥበቃው አገልግሉን አየው።

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ምግብ ይዞ መግባት አይፈቀድም።"

አማቴ ግራ ገባቸው። "ምግብ አይደለም እኮ ልጄ፤ የሱፍ ፍትፍት ነው" አሉት።

ጥበቃው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አሳየን። ውሻ፣ ኳስ፣ የአልኮል መጠጥ፣ ምግብ። በአራቱም ላይ ቀይ ሰረዝ ተሰምሮባቸዋል። ስለትና መሣሪያ ቢሆን ይገባኛል። የአማቴ ፍትፍት ከውሻና ከአረቄ ጋር በአንድ ረድፍ ተሰልፎ ሳየው ግን መሳቅም መናደድም አቃተኝ። ባለቤቴ "እንግዲያው የትኬቱ ገንዘብ ይመለስልን" ቢል የተቆረጠ ትኬት እንደማይመለስ ተነገረው። እሱም ግድግዳው ላይ ተጽፏል።

ከበሩ ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብለን የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥን። አማቴ ነጠላቸውን አጥፈው ለታናሿ አነጠፉላት። አገልግሉ ተከፈተ። መኪናው አቧራውን እያነሣ ያልፋል፤ እኔ በአንድ እጄ ክዳኑን እንደ ጋሻ ይዤ በሌላው አጎርሳለሁ። ትልቋ ልጄ የክፍል ጓደኛዋ እንዳታያት ጀርባዋን ወደ መንገዱ አዙራ ነው የበላችው። ይህ እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። አማቴ ግን ገና ሁለቴ እንደ ጎረሱ ጉርሻ ጠቅልለው ተነሡና ወደ ጥበቃው ሄዱ። ልጁ ግራና ቀኝ አይቶ አፉን ከፈተ። አንዱ ያጣላል ብለው ሁለተኛውንም አጎረሱት።

ባዶውን አገልግል በሩ አጠገብ ቆሎ ለምትሸጥ ሴት አደራ ሰጥተን ገባን። እውነት ለመናገር ውስጡ ያምራል። ሣሩ ተከርክሟል፣ ዥዋዥዌው አይንቋቋም፣ አበባው ውኃ ጠጥቷል። ልጆቹ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያለ ፋታ ሮጡ። ሁለት ሰዓት የሮጠ ልጅ ደግሞ ጠዋት የበላው ፍትፍት የትናንት ነው። ወደ ካፌው ሄድን። በርገር፣ ፒዛ፣ ክሬም ያለበት ኬክ። "የጾም ምን አላችሁ?" ስንል አስተናጋጇ ወደ ኩሽና ገባ ብላ ተመለሰችና "የተጠበሰ ድንች" አለችን። ውኃው ውጭ ከሚሸጠው እጥፍ ነው። የተጠበሰ ድንችና ውኃ ለስድስት ሰው ገዝተን፣ ሒሳቡን ባለቤቴ ከፍሎ ደረሰኙን ሳያሳየኝ ኪሱ ከተተው።

ስንወጣ መውጫው አጠገብ የስጦታ ዕቃ መሸጫ አለ። መደርደሪያው ላይ ምን ቢኖር ጥሩ ነው? አገልግል። ቆዳው አዲስ፣ ዙሪያው በዛጎል ያጌጠ። አማቴ አንሥተው ገልበጥ አድርገው አዩትና "ይሄኛው እንዴት ገባ?" አሉ።

እንግዲህ ደብዳቤዬ የእርሳቸው ጥያቄ ነው። እኔ የጨመርኩበት ሐተታውን ብቻ ነው።

ምግብ ይዞ የሚመጣ ሁሉ ገንዘቡ የሳሳበት አይምሰላችሁ። የገንዘብም ነገር አለበት፤ አላፍርበትም። ለስድስት ሰው ታክሲ፣ ለስድስት ሰው መግቢያ ከፍሎ፣ ለስድስት ሰው ምሳ ውጭ መግዛት የሚችል ደሞዝተኛ ስንት እንደ ሆነ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ነገር ግን ከገንዘቡ በፊት ጾም አለ። በዓመት ውስጥ ጾም የማይኖርበትን ጊዜ ቆጥራችሁ ካያችሁ የማትሸጡት ምግብ ከምትሸጡት ይበልጥ ለብዙ ሰው እንደሚያስፈልግ ትረዱታላችሁ። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። የልጆች ጾም የምንለው እርሱን ነው፤ የሚገባውም ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጅ ቤት በሚውልበት ወር ላይ ነው። ጎረቤቶቼ ደግሞ ሙስሊሞች ናቸው። የቤቱ እናት ሥጋው በማን እጅ እንደ ታረደ ሳታውቅ ለልጆቿ አታቀምስም፤ ሽርሽር ስትወጣ ሳምቡሳዋን ይዛ ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ ያላት እናት ምን ትሁን? ጡት ለጣለ ሕፃን አጥሚት ይዛ የመጣችውስ? እርሷ በትልቅ ልመና ትገባለች፤ ጥበቃው ጡጦውን አይቶ ያዝንላታል። ሕጉ ግን አያዝንላትም።

እኔ ልጅ ሳለሁ አባቴ ብሔረ ጽጌ መናፈሻ ይወስደን ነበር። አባቴ ዘመዱን ሁሉ ሳይጠራ ሽርሽር የማይወጣ ሰው ነበር፤ አንድ ሰፈር ሆነን ነው የምንሄደው። ከሣሩ ላይ ብርድ ልብስ ይነጠፋል፣ ሴቶቹ በየፊናቸው ያመጡትን ይከፍታሉ፣ ከዚያ ማን የማንን እንደ በላ አይታወቅም። የማናውቃቸው ሰዎች ከአጠገባችን ተቀምጠው ከሆነ ለእነርሱም ይደርሳቸዋል፤ እነርሱም ሳይሰጡ አይቀሩም። አንድ ጊዜ ፎቶ ሊነሡ የመጡ ሙሽሮች ርቧቸው ኖሮ ሙሽራዋ ቬሎዋን ሰብስባ ከእኛ ጋር ዶሮ ስትበላ ትዝ ይለኛል። ሚዜዎቹ ወጥ እንዳይነካት ፎጣ ይዘው ከበዋት ነበር። የዚያን ቀን የአበባውን ስም ማንም አላስተማረኝም፤ የሙሽራዋን ፊት ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ያለፈውን እያሞገስኩ የዛሬውን ላንቋሽሽ አልፈልግም፤ ውለታ መካድ ይሆንብኛል። ትልቋ ልጄ ስትወለድ በዚህ ከተማ ልጅ የሚወሰድበት ቦታ ጥቂት ነበር። ዛሬ አንድነት ፓርክ አለ፤ በ2012 ዓ.ም. ሲከፈት የቤተ መንግሥቱን ግቢ ከአጥር ውጭ ብቻ ለምናውቀው ለእኛ ትልቅ ነገር ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወዳጅነት ፓርክ፣ በ2013 መባቻ እንጦጦ ተከተሉ። እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለ አየር የሳበ ልጅ ማታ ያለ ጭቅጭቅ ይተኛል፤ ሹራብ ብቻ አትርሱለት። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ከተከፈተ ወዲህ ክረምቱን የምናሳልፍበት አግኝተናል። ከሁሉ የምወደው ግን ክፍያ የሌለውን ነው፤ በ2011 የተጀመረውን "መንገድ ለሰው"ን። መኪና ቆሞ አውራ ጎዳናው ለእግረኛና ለብስክሌት ሲለቀቅ ወንዱ ልጄ መስቀል አደባባይ ላይ ብስክሌት መንዳት ተማረ። በዚያ ቀን በር የለም። በር ስለሌለም በፌስታላችሁ ውስጥ ምን አለ የሚል የለም።

ቆሻሻ ይበዛል ትሉኛላችሁ። አልክድም። የበላበትን ትቶ የሚሄድ ሰው ሞልቷል፤ ከእኛው ቤተሰብም አንድ ሁለቱን መቁጠር እችላለሁ። ግን ቆሻሻውን ጎንበስ ብላችሁ አይታችሁታል? የዚያን ቀን ልጄ ኳስ ሲፈልግ (ኳስ እንኳ አልነበረም፤ የተጠቀለለ ካልሲ ነው) ከገባበት ቁጥቋጦ ሥር እኔም አብሬው ገብቼ ነበር። የውኃ ፕላስቲክ፣ የአይስክሬም ስኒ፣ የጁስ መምጠጫ ቱቦ፣ የድንች ወረቀት። ሁሉም እዚያው ውስጥ የተሸጠ ነው። አገልግል የሚጣል ነገር የለውም። የተሠራውም ለመንገድ ነው፤ መንገደኛ በልቶበት አስሮ ይዞት ይመለሳል።

ካላመናችሁን መፍትሔው ከየሱቁ ደጃፍ አለላችሁ። ለስላሳ በጠርሙስ ስንገዛ መያዣ እናስይዝ የለም? ምግብ ይዞ የሚገባም ቤተሰብ መያዣ ያስይዝ። ሲወጣ ቆሻሻውን በፌስታል አሳይቶ ገንዘቡን ይውሰድ፤ ጥሎ ከወጣ ለጽዳት ሠራተኛዋ ይሁን። ሣራችሁ የሚያሳስባችሁ ከሆነም አንድ ጥግ ለዩልን። ዛፍ ያለበት፣ ጥቂት ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮችና የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ ያለው። ጥላ ካለው ሌላው ይቀራል።

ካፌውን የተከራየው ሰው ኪራይ እንደሚከፍል፣ እኛ ከቤታችን ይዘን ስንገባ ገበያው እንደሚቀዘቅዝ የሚፈራ እንዳለም አውቃለሁ። እርሱን ላጽናናው። ፍትፍት የበላ ልጅ አይስክሬም አይረሳም። ምሳዋን የበላች አማት ቡና ያምራታል፤ ጀበናና ከሰል ይዛ አትመጣም። እኛን በር ላይ ከመመለስ ምስር ወጥና ሽሮ ከሰሌዳው ላይ ቢጨምር ይበልጥ ያተርፋል።

ከከተማው ስንወጣ ነገሩ ይብሳል። ቢሾፍቱን እንውሰድ፤ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ የከተማዋን ስም የያዘው ቢሾፍቱ ሐይቅ፣ ሁሉም እሳተ ገሞራ የቆፈራቸው ጉድጓዶች ናቸው። ለስምንት ዓመት ልጅ "ይህ ሐይቅ ድሮ እሳት ይተፋ ነበር" ብላችሁ ንገሩትና ፊቱን እዩ። ነገር ግን ከብዙው ዳርቻ ውኃውን ለማየት በሆቴል በር ማለፍ ግድ ነው፤ በሆቴል በር ያለፈ ደግሞ ማዘዝ አለበት። ሐይቁን እግዚአብሔር ሠራው፤ ወንበሩን ሆቴሉ። የወንበሩን እንክፈል። ድንጋይ ላይ ለሚቀመጥ ሰውስ?

አሁን ወደምወደው ቦታ ልመጣ ነው፤ ትንሽ ታገሡኝ። በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ የጥንት ሰው አሻራ የሚገኝበት መልካ ቁንጡሬ አለ። በ2016 ዓ.ም. ከአቅራቢያው ባልጪት ጋር ከዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። እዚያ ጎምቦሬ በሚባለው የቁፋሮ ስፍራ ተመራማሪዎች 700 ሺህ ዓመት ያስቆጠሩ የእግር ዱካዎች አግኝተዋል። የአዋቂ ዱካ አለ፤ ከአዋቂው ጋር የልጆች ዱካ አለ፤ ከልጆቹም ውስጥ ከአንድ ዓመት ብዙም የማይዘል ሕፃን አለበት። የአእዋፍና የእንስሳት ኮቴም አብሮ ታትሟል። እዚያው የድንጋይ መሣሪያና በእርሱ የተበለተ የጉማሬ ቅሪት ተገኝቷል። ሰዎቹ ልጆቻቸውን አስከትለው ውኃ ዳር ወጥተው፣ ሥጋቸውን በልተዋል ማለት ነው። ሕፃኑም ጭቃውን ሲረግጥ ውሏል። እንደማንኛውም ሕፃን።

ይህን ማታ ለልጆቼ ስተርክላቸው ወንዱ ጉማሬው ምን ያህል እንደሚያክል ጠየቀኝ። ትልቋ ዝም ብላ ቆየችና "በር አልነበረም ማለት ነው" አለች። የዚያ እሑድ ነገር እርሷም ውስጥ እንዳለ ያወቅኩት ያኔ ነው።

መልካ ቁንጡሬ፣ ከድንጋይ የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም፣ 36 ትክል ድንጋዮች የቆሙበት ጢያ በአንድ መንገድ ላይ ያሉ፣ በአንድ ቀን ልጅ ይዞ ደርሶ የሚመለስባቸው ናቸው። ለእንዲህ ያለ መንገድ ነው አያቶቻችን አገልግል የሰፉት። በዚህ መስመር ያላችሁ አስተዳዳሪዎች ጥላና ውኃ ካዘጋጃችሁልን ሌላውን እኛ ይዘን እንመጣለን።

ስለ መጸዳጃ ቤት ብዙ አልጽፍም። ውኃ ይኑረው፣ በሩ ይዘጋ፣ ሕፃን የሚለወጥበት አንድ ጠረጴዛ ይግባለት። የትኬት መሸጫውን የሠራ ባለሙያ ይህን ሳያስበው የቀረው ልጅ ይዞ ስለማያውቅ ይመስለኛል።

ሙዚየም ለምታስተዳድሩ ደግሞ አንድ ነገር። ልጅ የሚያነበው መግለጫ በልጅ ቁመት ይለጠፍ፤ በልጅ አማርኛም ይጻፍ። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችውን ድንቅነሽን የማያውቅ ተማሪ የለም። ታናሿ ልጄ ግን ድንቅነሽ አላስደነቀቻትም፤ አሮጊት መስላታለች። በ1993 ዓ.ም. የእነ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን አፋር ውስጥ ዲኪካ ላይ ቅሪቷን ስላገኛት፣ ሰላም ስለተባለችው ስነግራት ነው ዓይኗ የፈጠጠው። 3.3 ሚሊዮን ዓመት የቆየች፣ ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ የሆናት ሕፃን። "እንደ እኔ?" አለች። እንደ አንቺ አልኳት። "ጥርሷስ?" የወተት ጥርሷ ነበር አልኳት። ጣቷን ወደ አፏ ከትታ የራሷን ጥርስ ቆጠረች፤ እስከ ስድስት ድረስ፤ ከዚያ በላይ ገና አትችልም። እንዲህ ያለውን ነገር እናት ከምታወራው ግድግዳው ላይ ተጽፎ ቢገኝ ምን ነበረበት?

የምጠይቃችሁ ብዙ በጀት የሚፈልግ አይደለም። አንድ ማስታወቂያ ንቀሉ። እርሱም ከከበዳችሁ በየወሩ በአንድ እሑድ ሞክሩት። ቤተሰብ ምግቡን ይዞ እንዲገባ ፍቀዱ፤ መያዣውን አስይዙ፤ ማታ ሣሩን ዙሩና እዩ። ቆሻሻ በዝቶ ካገኛችሁት ማስታወቂያውን መልሳችሁ ለጥፉት፤ እኔም ሌላ ደብዳቤ አልጽፍም።

እኛ ከፋሲካ በኋላ ወደ መልካ ቁንጡሬ ልንሄድ ቀጠሮ ይዘናል። አማቴ አገልግሉን ትናንት ቆዳው እንዲለሰልስ በቅቤ አሽተው ፀሐይ ላይ አስጥተውት አገኘኋቸው። "እማዬ፣ ጾም አይደል እንዴ?" አልኳቸው።

"እሱ አይጾምም" አሉኝ።

ከአክብሮት ጋር፤

የሦስት ልጆች እናት
ኮተቤ፣ አዲስ አበባ